ከዜሮ በታች አንድ

ሃርሊንገን ወደብ ላይ፣ ከሰሜን ባሕር ዳር፣
ውሃ ከመንገዱ ከፍ ብሎ በሚኖርበት አገር፣
እንጀራዬ ከፓምፕ ጋር ማውራት ነው፤
በሲ ቋንቋ ልጠይቀው፣ በቁጥር ልስማው።

ሲ ቁጥብ ቋንቋ ነው፤ ወግ አይወድ፣ ጨዋታ፤
ቤት ቢናድ አይጮህም፣ አያሰማም ኡኡታ።
የላክሽው ሲመለስ መዳፉ ላይ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤
ቀና ብለሽ ካላየሽው፣ ደጅ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ዜሮ ማለት ደህና።
ሌላው ሁሉ ሕመም ነው፣ ስም ያለው፣ በየዓይነቱ፦
የፋይል መጥፋቱ፣ የፈቃድ መነፈጉ፣ የዲስክ መሙላቱ።

እኔ ግን ያደግሁት ሰላምታ ሲዘንብ ነው፦
"ደህና አደርሽ? ቤቱስ? ሥራስ? ጤናስ እንዴት ነው?"
ጠያቂው መልሱ ሳይደርሰው ሦስት ቤት አልፏል፤
ትኩሳት የያዘውም "ይመስገን" ብሏል።
ኮዴም የእኔው ልጅ ነው፤ በየደጁ ያልፋል፤
ፋይሉን "ተከፈትክ ወይ?" ይላል፣ ሳይሰማ ይጽፋል።

በኅዳር፣ አንድ ሌሊት፣ ነፋሱ ከምዕራብ ሲገፋ፣
የውሃ መለኪያው ሽቦ በጨው ተበልቶ ጠፋ።
የመለኪያው አንባቢ ጨዋ ነው፤ አልዋሸም፣ አልደበቀ፤
ዓይኑ እንደጨለመበት በሚያውቀው ቃል አሳወቀ፦
ከዜሮ በታች አንድ።

የእኔ ኮድ ሕመሙን እንደ ቁመት ቆጠረው፤
"ውሃው ከወለሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል" አለና፣
ፓምፑን "እረፍ" ብሎ አሰናበተው።

ፓምፑ ታዘዘ።
ውሃ ግን ቁጥር አይማርም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፣
ወደ ዊበ ዳቦ ቤት፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ሳያንኳኳ ሄደ።
ዊበ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራቱን ሲያበራ፣
አሥራ አራት ጆንያ ዱቄት ሊጥ ሆኖ ጠበቀው፣
ያለ አቡኪ፣ ያለ ሥራ።

"ዝም አይነቅዝም" የሚለውን ሰምቼ ነበር ያደግሁት።
ነቀዘ። በዓይኔ አየሁት።

አለቃዬ ሹክዬ ትባላለች፣ በፍሪዝላንዶቹ ስም፤
ለእኔ ጆሮ ሹክሹክታ ነው፤ እሷ ግን ሹክ አትልም።
የቦት ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጭቃው እንዳለ፣
ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተክላ፦ "ይህ መስመር ምን አለ?"
"ጠየቀ" አልኳት።
"መልሱንስ ማን ሰማ?"
ጉንጬ ጋለ።

ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። መቶ ሰባ ሦስት ቦታ
ጥያቄ አለ፣ ሰሚ የለም፣ እንደ ችኩል ሰላምታ።
ቁመቱን ከሕመሙ ለየን፦ ልኩ በአንድ እጅ ይምጣ፣
ጤናው በሌላው፤ ሁለቱን የያዘ ከረጢት ዳግም ከደጅ አይውጣ።
"ምክንያቱ" አለች ሹክዬ "በአንዲት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤
ቀጥሎ የመጣ ሁሉ አጥፍቶ የራሱን ይለጥፋል።
መጀመሪያ ገልብጪ፣ ከዚያ አልቅሺ፤
ለቅሶሽም እዚያው ላይ ይጻፋል፣ እንዳትረሺ።"

ጎቱ ነውር ነው ብለውኝ ነበር፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ፤
እሷ ለመውጫ ብቻ ፈቀደችው፤ እኔም ተቀበልሁ፦
"አራተኛው በር እንቢ ቢልሽ፣ ደንግጠሽ አትሩጪ፤
ሦስተኛውን ዝጊ፣ ሁለተኛውን፣ አንደኛውን፣
ከዚያ ውጪ።"

ሳልነካው የተውኩት አንድ ነገር፣ ፋይሉን መዝጋት ነበር።
"ስንብት ምን መልስ አለው?" አልኳት፣ "ሄድኩ ካሉ በኋላ ምን ነገር?"
ሳቀች። "ዲስኩ 'ሞልቻለሁ' የሚለው አንዳንዴ ያኔ ነው፣ ሲዘጋ፤
ሰውም እውነቱን የሚያወጣው ኮቱን ለብሶ ነው፣
እጁ እጀታው ጋ።"

ትናንት ዳቦ ልገዛ ገባሁ። "እንዴት ነህ ዊበ?" አልኩት።
ግራ ጉልበቱን፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ ያልደወለች ልጁን ነገረኝ፤
ሰማሁት።
ሳንቲሜን ጨብጬ ቆምኩ። ከኋላዬ ወረፋው ረዘመ።
ሲጨርስ "አንቺስ?" አለኝ፤ ቢላው ዳቦው ላይ ቆመ።

"ደህና" የምትል ዜሮ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።
ያዝኳት። ትንሽ ትቆይ።